ሰርቆ በበለጸገ ሰው ለምትበግኑ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት በሂሳብ ሥራ ነው። የግዥ ሰነድ ስመረምር ብዙ አይቻለሁ። ለማወዳደር ሦስት ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ፣ ይቀርባል፤ ሦስት ድርጅት፣ ሦስት ማኅተም። ልብ ብላችሁ ስታዩት ግን የእጅ ጽሑፉ አንድ ነው፣ ተሳስቶ የተጻፈው ቃል እንኳ በሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት ነው። ይህን ያቀናበረው ሰው ብዙም ሳይቆይ መኪና ይገዛል፣ ቤት ይሠራል፣ ሠርግ ላይ ከፊት ይቀመጣል። አጠገቡ ያለው ንጹሕ ልጅ ደግሞ የቤት ኪራይ ተጨመረብኝ ብሎ ብድር ይጠይቃል። አንዱ እንዲህ ያለ ልጅ "ጋሼ፣ ታማኝ በመሆኔ ምን አተረፍኩ?" አለኝ።

አልተቆጣሁትም። የቤተ መቅደሱ መዘምር አሳፍም ይህንኑ ጠይቋል። መዝሙር 73ን አንብቡት፣ በዳዊታችን 72 ነው። ኃጢአተኞች ደልቷቸው፣ ወፍረው፣ ጤና ሆነው ሲኖሩ አየና ልቤን ያነጻሁት በከንቱ ነው እስከ ማለት ደረሰ። ኤርምያስም በምዕራፍ 12 የክፉዎች መንገድ ለምን ይቃናል ብሎ እግዚአብሔርን ሞግቷል። ስለዚህ መጠየቁ አያሳፍርም።

እኔን የሚያስፈራኝ ከጥያቄው በኋላ የሚመጣው ነው። መዝሙር 37 ቁጥር 8 እንዳትበድል አትቅና ይላል። በሥራዬ ያየሁትም ይህንኑ ነው። ሌባ ልሁን ብሎ ቢሮ የሚገባ ሰው ጥቂት ነው። መጀመሪያ ሌላውን እያየ ይበግናል፣ ከዚያ "እኔን ብቻ ምን ሞኝ አደረገኝ?" ይላል፣ አንድ ቀን ራሱ ሦስቱን ፕሮፎርማ ይዞ ይመጣል።

የሌባውን ውድቀትም ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ። ምሳሌ 24 ቁጥር 17 ጠላትህ ሲወድቅ ደስ አይበልህ ይላል፤ ቁጥር 19 ላይ ደግሞ በክፉዎች አትቅና ይላል። ተከታትለው የመጡት እንዲያው አይመስለኝም። ሲበላ እያያችሁ ብትቃጠሉም፣ ሲታሰር አይታችሁ ብትጨፍሩም፣ ዓይናችሁ ያው እሱ ላይ ነው። አንዳንዱ ሳይጠየቅ በሰላም ይሞታል። አሳፍን ያሳረፈው ወደ መቅደሱ ገብቶ የክፉዎችን ፍጻሜ ማስተዋሉ ነው።

አትቅኑ ስል ዝም በሉ ማለቴ አይደለም። ሐሰተኛ ሰነድ ሲመጣላችሁ አልፈርምም በሉ፣ ምክንያታችሁን በጽሑፍ አስፍሩ፣ ቅጂውን ያዙ፣ ለኦዲት ክፍል አሳውቁ። ዕድገት ሊያስቀርባችሁ ይችላል፣ አውቃለሁ። እንዲያ ከሆነም ብቻችሁን አትብገኑ፤ የንስሐ አባታችሁን ወይ የምታምኑትን ትልቅ ሰው አማክሩ።