የኮርሳ ብስክሌትና የዲስክ ፍሬን፦ ከጅማ ነጂዎች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ክረምቱም ቀድሞ ገብቶ ዘግይቶ ይወጣል። የፍሬን ጥያቄ እዚህ የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ በታች «የሪም ፍሬን» የሚባለው ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ በጎማ የሚቆነጥጠው ነባሩ ፍሬን ነው። «ዲስክ» የሚባለው ደግሞ በመንኮራኩሩ እምብርት ላይ የታሰረውን የብረት ሳህን በሸራ የሚጨብጠው ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዲስክ ያለው ኮርሳ በጣም ቶሎ ይቆማል ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ በደረቅ አስፋልት ላይ በደንብ ከተስተካከለ የአሉሚኒየም ሪም ፍሬን ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ኮርሳ ላይ የነጂው ክብደት ከፍ ብሎ ወደ ፊት ያዘነብላል። የፊት ፍሬን ከልክ በላይ ሲያዝ የኋላው ጎማ ከመሬት ይነሳና ሰውየውን በመሪው ላይ አሻግሮ ይጥለዋል። እዚያ ድረስ ደህና የሪም ፍሬንም ያደርሳል። ዲስክ በደረቅ ቀን የሚሰጠው ትርፍ በትንሽ ጣት ኃይል፣ ሳይንቀጠቀጥ፣ ልክህን እያወቅህ መያዝ መቻልህ ነው። እጅ ለሚደክመውና እጁ ትንሽ ለሆነ ሰው ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ በዝናብስ?

መልስ፦ በዝናብ ጨዋታው ይለወጣል። ጎማው የሚረጨው ውሃ በቀጥታ ቸርኬውን ያርሰዋል። እጀታውን ስትጨብጥ የፍሬኑ ጎማ መጀመሪያ ውሃውን ይጠርጋል፤ መያዝ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በአንድ ሰከንድ 10 ሜትር ይጓዛል። ከመርካቶ በኩል የወጣ ባጃጅ ድንገት ፊትህ ሲታጠፍ 10 ሜትር ብዙ ነው። ዲስኩ ከመሬት ከፍ ያለ ነው፤ ቀዳዳዎቹም ውሃውን ስለሚያስወጡ ከሞላ ጎደል ወዲያው ይይዛል።

ሁለተኛው ነገር ጭቃው ነው። ደቃቅ አሸዋ በፍሬኑ ጎማ ውስጥ ይሰካና ቸርኬውን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። ቸርኬ ሲያልቅ ራጂው (የመንኮራኩሩ ሽቦ) ሁሉ ተፈትቶ በሌላ ቸርኬ መሠራት አለበት፤ ዲስክ ሲያልቅ ግን ሳህኑ ብቻ ይቀየራል። በእኔ ግምት እንደ ጅማ ላለ ከተማ ከማቆም ኃይሉ ይልቅ ይህ ይበልጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። እርጥብ ኮብልስቶን ላይ የሚያንሸራትትህ ጎማህ እንጂ ፍሬንህ አይደለም፤ ዲስክ እዚያ ጎማውን ቶሎ ቆልፎ ሊጥልህም ይችላል። የጎማውን ነፋስ ትንሽ ቀንስ፤ ቴላዮው (የብስክሌቱ አጽም) ከፈቀደም 28 ሚሊ ሜትር ጎማ አግባ።

ጥያቄ፦ የድሮ የአሉሚኒየም ኮርሳ አለኝ። ዲስክ ላስገጥምበት? ብየዳ ቤት «ይቻላል» ብለውኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ አታስገጥሚ። ዲስክ ከፎርኬታው (የፊት መንኮራኩሩን ከሚይዘው ሹካ) አንድ እግር ብቻ፣ ያውም ከታችኛው ጫፍ፣ ይጎትታል፤ ለዚያ ያልተሠራ እግር ይሰነጠቃል። አሉሚኒየም ደግሞ ሲበየድ በዙሪያው ያለው ብረት ጥንካሬውን ያጣል። መንኮራኩሩም አይገጥምም፦ የድሮ ኮርሳ የኋላ ስፋት 130 ሚሊ ሜትር ሲሆን የአሁኑ ዲስክ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ዘንግና 142 ሚሊ ሜትር ስፋት ነው።

በዚያ ብር ያለሽን ፍሬን አድሺው። ካቦውንም ልባሱንም (ካቦው የሚያልፍበትን ቱቦ) አንድ ላይ ቀይሪ፤ የፍሬን ልባስ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውና ውስጡ የተጠቀለለ ብረት የሆነው ነው። የማርሽ ልባስ በስህተት ከገባ በኃይል ሲጨበጥ ሊፈነዳ ይችላል። ልባሱ ሲቆረጥ ጫፉ ይጨፈለቃል፤ በሊማ አስተካክይውና ቀዳዳውን በወስፌ ክፈቺው። ቸርኬውን በአልኮል ጥረጊ። አዲሱን የፍሬን ጎማ ስታስሪ የፊቱ ጫፍ ከኋላው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ቀድሞ ቸርኬውን ይንካ፤ ጩኸት የሚጠፋው በዚህ ነው። የብስክሌቱን ጎማ ግን በፍጹም እንዳይነካ፣ ቀዶ ያፈነዳዋል። በየሁለት ሳምንቱ የፍሬኑን ጎማ እያወጣሽ የተሰካውን አሸዋና የብረት ቅንጣት በመርፌ ልቀሚ፤ የሚያብረቀርቅ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈቅፍቂው። በመጨረሻ የቸርኬውን ጎን በጣትሽ ዳሺ። ወደ ውስጥ የጎደጎደ ከሆነ አልቋል፤ ያ ቸርኬ በነፋስ ግፊት ሊሰነጠቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ከአበልቲ ወደ ግቤ ስወርድ ፍሬኑ ይሞቃል። ዲስክ ይሻለኝ ይሆን?

መልስ፦ አባባ፣ ሙቀቱን እናስላው። እርስዎና ብስክሌቱ 80 ኪሎ ብትሆኑና 500 ሜትር ከፍታ ብትወርዱ 390 ኪሎ ጁል ያህል ጉልበት ይለቀቃል። ከነፋሱ ጋር የሚሄደው ባይኖር አንድ ሊትር ውሃ አፍልቶ ይተርፈዋል፤ ደህና ጀበና ሙሉ ማለት ነው። በሪም ፍሬን ይህ ሙቀት የሚሄደው ወደ ቸርኬው ነው። አሉሚኒየም ሙቀቱን ያሰራጫል። ካርቦን ግን አያሰራጭም፤ ሙጫው ይለሰልሳል፣ የውስጥ ጎማም ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ቸርኬዎ ካርቦን ከሆነ በእርግጥ ዲስክ ይሻላል፣ አሉሚኒየም ከሆነ ግን አያስገድድም። በየትኛውም ቢሆን ፍሬኑን ሳይለቁ ጎትተው አይውረዱ። ከመታጠፊያው በፊት ሁለቱንም ጠንከር አድርገው ይያዙ፣ ይልቀቁ፣ ነፋሱ ያቀዝቅዘው። ሲደርሱም ዲስኩን በእጅዎ አይንኩት፣ ያቃጥላል።

ጥያቄ፦ አዲስ ልገዛ ነው። በዘይት የሚሠራው ይሻላል በካቦ?

መልስ፦ በአያያዝ ዘይቱ ይበልጣል፤ ሸራው ሲሳሳ ራሱን ያስተካክላል። ነገር ግን ፍሬኑ የሚጠጣውን ዘይት ሳታውቅ እንዳትገዛ። ሺማኖ የሚባለው ፍሬን የማዕድን ዘይት ነው የሚጠቀመው፤ ስራም የሚባለው ሌላው አምራች የኮርሳ ፍሬኖች ደግሞ ዶት 5.1 የተባለውን የፍሬን ዘይት ይጠቀማሉ፣ ዶት 4ም ይስማማቸዋል። የመኪና መለዋወጫ ሱቅ የምታገኘው የፍሬን ዘይት የዶት ዓይነት ነው። እሱን ሺማኖ ውስጥ ብትጨምር በፍሬኑ ውስጥ ያሉት የጎማ ማሸጊያዎች ያብጣሉ፣ እጀታውም ካሊፐሩም (ሸራዎቹን የያዘው ክፍል) ይበላሻል። በአጠገብህ ትክክለኛው ዘይትና ሲሪንጅ ያለው ሰው ከሌለ በካቦ የሚሠራ ዲስክ ውሰድ፤ ሁለቱም ሸራዎች የሚንቀሳቀሱበትን ምረጥ። አንዱ ብቻ የሚንቀሳቀስበት ሌላውን በየጊዜው በብሩጎላ (ባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻ) ማስጠጋት ይፈልጋል፤ ካልተጠጋ ሳህኑን ያጣምመዋል።

ጥያቄ፦ ዲስኬ እንደ በግ ይጮኻል፣ አይዝም። ሰንሰለቱን በናፍታ ካጠብኩ ወዲህ ነው።

መልስ፦ መልሱን ራስህ ተናግረሃል። ናፍታው ወይም የሚረጭ የሰንሰለት ዘይት ሸራው ውስጥ ገብቷል። መንኮራኩሩን አውጣ፣ ሳህኑን በንጹሕ ጨርቅና በአልኮል ሁለት ጊዜ ጥረግ፤ ጨርቁን በየዙሩ ቀይር። ሸራውን አውጥተህ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርገህ ፈቅፍቅ። ዘይቱ ጠልቆ ከገባ አይድንም፣ ሸራ ቀይር። በእሳት ላይ የሚጠብሱት አሉ፤ ሸራው ከጀርባ ብረቱ ሊላቀቅ ስለሚችል አልመክርም።

አዲስ ሸራ እንደገባ ደግሞ መሞረድ፣ ማለትም ከሳህኑ ጋር መለማመድ፣ አለበት። ሜዳ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደህ ወደ እርምጃ ፍጥነት እስክትደርስ ቀስ ብለህ ያዝ። ሳትቆም ልቀቅ፣ 20 ጊዜ ድገመው። ከዚያ በ30 ኪሎ ሜትር 10 ጊዜ። ጎማው እንዲቆለፍ አታድርግ። ብዙ ሰው ይህን ዘልሎ «ዲስክ አይረባም» ይላል።

ጥያቄ፦ ብስክሌቱ ከአዲስ አበባ በአውቶብስ ጣሪያ መጣልኝ። አሁን መንኮራኩሩ አይገባም።

መልስ፦ መንኮራኩሩ በወጣበት ሰው እጀታውን ጨብጦታል፤ ሸራዎቹን የሚገፉት ፒስተኖች ወጥተው ሸራዎቹ ተጣብቀዋል። ሸራዎቹን አውጣ፣ በፕላስቲክ የጎማ መፍቻ ፒስተኖቹን ቀስ ብለህ እኩል ወደ ውስጥ ግፋ፣ ከዚያ መልሰህ ግጠም። በካቻቪቴ እንዳትነካካቸው፣ የሴራሚክ ፒስተን ይሰበራል። ሳህኑ ሸራውን ከነካ ካሊፐሩን የያዙትን ሁለት ቡሎኖች አላላ፣ እጀታውን ጨብጠህ ሳትለቅ በ6 እስከ 8 ኒውተን ሜትር እሰር። እጀታው እንደ ስፖንጅ ሆኖ መሪው ድረስ ከሄደ አየር ገብቷል፤ መካኒኮች ስፑርጎ የሚሉት አየሩን የማስወጣት ሥራ ያስፈልገዋል። በሚቀጥለው ጊዜ በሸራዎቹ መካከል ወፍራም ካርቶን አስገባ።

ጥያቄ፦ ውድድር ላይስ?

መልስ፦ የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ዩሲአይ ከሙከራ በኋላ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 ለኮርሳ ውድድር በይፋ ፈቅዶታል። ክብደቱ ከ300 እስከ 500 ግራም ይጨምራል፤ ዳገት ላይ ካልተወዳደርክ አይታወቅህም።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ዲስክ ኮርሳ ስገዛ ምን ልይ?

መልስ፦ የሳህኑን ውፍረት በቬርኒየር መለኪያ ለካ። የሺማኖ አዲሱ 1.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ 1.5 ከደረሰ ይጣላል። የሸራው ቅሪት 0.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ወዲያው ለውጠው። እጀታውን ጨብጠህ አንድ ደቂቃ ያዝ፤ ቀስ በቀስ ወደ መሪው ከሰጠመ ዘይት ያፈስሳል። ቱቦው እጀታው ውስጥ በሚገባበትና በካሊፐሩ ዙሪያ ነጭ ሶፍት ጠቅልልና ድጋሚ ጨብጥ። ሶፍቱ ከረጠበ ዋጋ ተከራከር ወይም ተወው።