አሮጌ መጽሐፍ ውስጥ የተገኘ ደብዳቤና ፎቶ ምን ይደረግ?

እህቴ፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከገዛሽው አሮጌ መጽሐፍ ውስጥ ደብዳቤና የአንዲት ወጣት ፎቶ አግኝተሽ «ባለቤቱን እንዴት ላግኝ?» ብለሻል። እኔ ከለገሃር እስከ አራት ኪሎ አሮጌ መጽሐፍ ስለቅም የኖርኩ ነኝና የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ስንተኛው ገጽ ላይ እንደነበረ በእርሳስ ያዢ። ቀጥሎ ልባዱን ፍቺው። ሻጮቹ መጽሐፍ ሲገዙ ገልብጠው ያራግፉታል፤ ብር ካለ ለእነሱ ነው። ለእኛ የሚተርፈው ያልረገፈው ነው፤ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ በጋዜጣ ወይም በካላንደር ወረቀት በተለበደው ሽፋን ስር ይገኛል። የቀበሌ ሱቅ ካርድና እኔ ሳልወለድ ዕጣው የወጣ የሎተሪ ቲኬት ያገኘሁት እዚያ ነው። (ደርሶት እንደሆነስ? እያልኩ አሁንም እበግናለሁ።) የተለበደበት አዲስ ዘመን ጋዜጣ ራሱ ቀን ስላለው ዘመኑን ይጠቁምሻል።

ፖስታው ላይ ፖ.ሣ.ቁ. አለ? እኛ አገር ደብዳቤ በአብዛኛው ለፖስታ ሳጥን እንጂ ለቤት ስለማይጻፍ፣ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የመሥሪያ ቤት ወይም የትምህርት ቤት ነው። ዋናውን ሳትልኪ፣ ምን እንዳገኘሽ ገልጸሽ ወደዚያው ጻፊ። እኔ የአንድ ሰው የትምህርት ማስረጃ አግኝቼ ለተማረበት ትምህርት ቤት አሳውቄ ነበር፤ ሰውዬው ተገኙ። መጽሐፉንም ልስጥዎት ስላቸው «እሱንማ ራሴ ነኝ የሸጥኩት፣ ተወው!» አሉኝ።

ፎቶውን ግን እባክሽ እንዲሁ አትለጥፊው። በተለይ ከ1967 እስከ 1970 ባሉት ዓመታት የተነሳ ከሆነ። በ1969 በደርግ የቤት ለቤት አሰሳ ጊዜ ስንቱ ወረቀቱን አቃጠለ፣ ስንቱ ቀበረ! መጽሐፍ መሀል የቀረ ፎቶ ሆን ተብሎ የተደበቀ ሊሆን ይችላል፤ ልጅቷም የት እንደደረሰች ቤተሰቧ ሳያውቅ ኖሮ ይሆናል። የመጽሐፉን ርዕስና ዓመተ ምሕረቱን ጻፊ፣ አንድ ምልክት ግን ለራስሽ አስቀሪ፤ «የኔ ነው» የሚል ሰው እሱን ይንገርሽ። ደብዳቤውንማ አድራሻ ከመፈለግ አልፈሽ ባታነቢውም አይከፋም።

ሌላው ቀላል ነው። በ2013 የተቀየሩት አሮጌዎቹ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ከተገኙ ባንክ አይቀበላቸውም፤ የጃንሆይ ምስል ያለበት ከሆነ ግን ቸርችል ጎዳና ያሉ የስጦታ ዕቃ ሱቆችን ጠይቂ። የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ካየሽ ደግሞ የጠፋው መጽሐፉ ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ደውለሽ አጣሪ።

ባለቤት ከታጣ ደብዳቤውን ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ወይም ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይቀበሉሽ እንደሆነ ጠይቂ። እስከዚያ የፎቶውን ጀርባ እዪና የስቱዲዮ ማኅተም ካለበት ስሙን ብቻ ጻፊልን፤ የድሮ የፒያሳ ፎቶ ቤቶችን የሚያውቁ አባቶች እዚህ አይጠፉም።