ስለ ልጆችና ጌም ለጠየቃችሁኝ

ጥያቄዎቻችሁ ብዙ ናቸው፤ የተደጋገሙትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት እንደገባ ፍሪ ፋየር የሚባል የስልክ ጌም ላይ ነው። ሱስ ይዞት ይሆን?

መልስ፦ በሰዓት ብቻ አይታወቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ የጌም ሱስን ከበሽታዎች ተራ አስገብቶታል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው። ልጁ ራሱን መግታት ያቅተዋል፣ ጌሙ ከሌላው ነገር ሁሉ ይበልጥበታል፣ ጉዳቱን እያየም ይቀጥላል። ይህም አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ያህል ሲዘልቅ ነው። ክረምት ላይ ትምህርት ተዘግቶ ሁለት ሳምንት ቢያብድበት ሱሰኛ አይበሉት። እኔ ብሆን መጀመሪያ እንቅልፉን አያለሁ። ማታ በሰዓቱ ይተኛል? ጠዋት ያለ ጭቅጭቅ ይነሳል? ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ይጫወታል? እነዚህ ካሉ ብዙ አይጨነቁ። እንቅልፉ ከተበላሸ ግን ንዴቱም የውጤቱ መውረድም ከዚያ ሊመጣ ይችላል። ስልኩ ማታ ሳሎን ይደር፤ የእርስዎም ጭምር።

ጥያቄ፦ የተኩስ ጌም ልጅን ጨካኝ ያደርጋል?

መልስ፦ ክርክሩ አላለቀም። በ2019 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች የ14 እና የ15 ዓመት የእንግሊዝ ልጆችን አጥንተው ግንኙነት አላገኙም። ሌሎች ትንሽ ግንኙነት አለ ይላሉ። ቢሆንም ተኩስ የሞላበት ጂቲኤ አውሮፓ ውስጥ 18 ዓመት ለሞላቸው ብቻ የሚል ምልክት የተለጠፈበት ጌም ነው። ሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት ማን ዕድሜ ይጠይቃል? ገባ ብላችሁ እዩ።

ጥያቄ፦ አባቴ ስልኬን ነጠቀኝ። እባክህ ጌም ጥቅም አለው በልልኝ።

መልስ፦ አለው። ፈጣን ጌም የሚጫወቱ ሰዎች በዓይን ትኩረት ፈተና እንደሚሻሉ በ2003 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ማትሪክ ግን አይፈተንልህም፣ ወንድሜ።

ጥያቄ፦ ከቨርጂንያ ነው። ልጃችን ፎርትናይት ላይ በካርዳችን ብዙ ዶላር አጠፋ።

መልስ፦ ልጁን ብቻ አትቆጡ። የጌሙ ባለቤት ኤፒክ ጌምስ በ2022 ከአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር በ520 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቷል። ከዚያ 245 ሚሊዮኑ ሳያስቡት ለከፈሉ ሰዎች የሚመለስ ነበር። አንዲት ቁልፍ መንካት ብቻ ታስከፍል ነበር። ካርዳችሁን ከጌሙ አውጡ፤ ግዢ ሁሉ የይለፍ ቃል ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ መንግሥት ቢከለክልስ?

መልስ፦ ደቡብ ኮሪያ ሞክራዋለች። በ2011 ከ16 ዓመት በታች ያሉትን ከሌሊቱ 6 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከለከለች። ልጆቹ በወላጆቻቸው መታወቂያ ይገቡ ጀመር። ሕጉ በ2022 ቀረ።

ጥያቄ፦ የ2 ዓመት ልጄ ያለ ዩቲዩብ አትጎርስም።

መልስ፦ ለእሷ ዕድሜ የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ስክሪን ማየቷ በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ፣ ከዚያ ካነሰ ደግሞ ይሻላል ነው። ከምሳው ጀምሪ። ታለቅሳለች፤ ሲርባት ትበላለች።