ኬኩ መሃሉ ለምን ሰመጠ? የሎሚና የፖፒ ፍሬ ድርብ ኬክ ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ዙር ከደረሱን የወጥ ቤት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ኬክ ናቸው፤ በሎሚ የሚሸት፣ ውስጡ ጥቁር ጥቃቅን የፖፒ ፍሬ የተበተነበት፣ በክሬም የተደራረበ ኬክ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ከኢንተርኔት ያገኘሁትን አሠራር ግራም በግራም ተከትዬ ባለ ሦስት ድርብ ጋገርኩ። ኦቨን ውስጥ ጥሩ አድርጎ ኩፍ ብሎ ነበር። ሊወጣ ሲል ግን ሦስቱም መሃላቸው ሰመጠ፣ ጠርዛቸውም መጋገሪያው ላይ ተጣበቀ። ደግሜ ብሞክርም ያው ሆነ። ምን አጠፋሁ? (ከአዲስ አበባ፣ ጀሞ)

መልስ፦ እርስዎ ያጠፉት የለም። አሠራሩ የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ ከተማ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ እዚህ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ስለሆነ ቤኪንግ ፓውደር የሚፈጥረው ጋዝ ከሚገባው በላይ ይለጠጣል። ሊጡ ቶሎ ኩፍ ይላል፤ እንቁላሉና ዱቄቱ ግን ገና አልጸኑም። አረፋው ይፈነዳል፣ ደግፎ የሚይዘው ነገር ስለሌለ መሃሉ ይወርዳል። በዚያ ላይ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እርጥበቱ ቶሎ ሲተን ስኳሩ ይበዛል። ስኳር የበዛበት ሊጥ ደግሞ ለመጽናት ይዘገያል፤ ጠርዙ የሚጣበቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ማስተካከያው አራት ቦታ ነው፤ ማንሻው (ቤኪንግ ፓውደሩ) ይቀነሳል፣ ስኳሩ ትንሽ ይቀነሳል፣ ፈሳሹ ይጨመራል፣ ኦቨኑ ይሞቃል። ለአዲስ አበባ የሚሆነው ልክ፣ ስፋታቸው 20 ሳንቲ ሜትር ለሆኑ ሦስት መጋገሪያዎች፣ ይህ ነው፦

የፉርኖ ዱቄት 330 ግራም፤ ስኳር 290 ግራም፤ ጨው የሌለበት የገበታ ቅቤ 220 ግራም፤ እንቁላል ቅርፊቱ ሳይቆጠር 200 ግራም (ትልልቅ ከሆነ 4፣ የሐበሻ ዶሮ ከሆነ 5 ወይም 6)፤ ወተት 270 ሚሊ ሊትር፤ ቤኪንግ ፓውደር አንድ ከሩብ የሻይ ማንኪያ፤ ቤኪንግ ሶዳ ሩብ የሻይ ማንኪያ፤ ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ፤ የፖፒ ፍሬ 3 የሾርባ ማንኪያ (30 ግራም ገደማ)፤ የ3 ትልልቅ ሎሚ ልጣጭ፤ የሎሚ ጭማቂ 2 የሾርባ ማንኪያ።

በቆላ ለምትኖሩ ወይም ጠረፍ ላይ ላለ ከተማ ስኳሩ 330 ግራም፣ ወተቱ 230 ሚሊ ሊትር፣ ቤኪንግ ፓውደሩ ሁለት ተኩል የሻይ ማንኪያ ይሁን፤ ኦቨኑም 175 ዲግሪ። ሐዋሳና አዳማ (1,700 ሜትር ገደማ)፣ ዴንቨርም (1,600 ሜትር ገደማ) ያላችሁ መሃሉን ያዙ፤ ቤኪንግ ፓውደር አንድ ከሦስት አራተኛ፣ ኦቨን 180 ዲግሪ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከወተቱ 100 ሚሊ ሊትሩን ለብ አድርገው የፖፒ ፍሬውን ለአንድ ሰዓት ይዘፍዝፉበት። ካልተዘፈዘፈ እንደ አሸዋ ጥርስ ላይ ይንቀጫቀጫል እንጂ ጣዕሙን አይሰጥም። የሎሚውን ልጣጭ ከስኳሩ ጋር በጣት ይሹት። ስኳሩ ቢጫ ቢጫ ብሎ እንደ እርጥብ አሸዋ ሲያያዝ፣ ሽታውም ወጥ ቤቱን ሲሞላው ይበቃዋል። ይህችን ሁለት ደቂቃ አይዝለሏት፤ የኬኩ ሎሚነት ግማሹ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ቅቤው ጣት ሲጫነው የሚሰረጉድ ግን ያልቀለጠ ይሁን። ከስኳሩ ጋር በመካከለኛ ፍጥነት 3 ደቂቃ ያህል ይምቱት። ብዙ መጻሕፍት 5 ወይም 6 ደቂቃ ይላሉ፤ ደጋ ላይ ግን አየር ማብዛት መስመጥን መጋበዝ ነው። እንቁላሉን ከፍሪጅ አውጥተው አሳድረው ወይም ለብ ባለ ውኃ 10 ደቂቃ አቆይተው አንድ በአንድ ይጨምሩ። ቀዝቃዛ እንቁላል ቅቤውን ያረጋዋል፤ ሊጡ እንደ አይብ ተቆራርጦ ካዩ ምክንያቱ ይኸው ነው። ከሆነም አይድፉት፤ አንድ ማንኪያ ዱቄት ሲገባበት ይመለሳል።

ዱቄቱን፣ ቤኪንግ ፓውደሩን፣ ሶዳውንና ጨውን አንድ ላይ በወንፊት ይንፉ። ዱቄቱ በሦስት ጊዜ፣ ወተቱ ከነፖፒው በሁለት ጊዜ እየተፈራረቀ ይገባል፤ ዱቄት ጀምሮ ዱቄት ይጨርሳል። ጭማቂው መጨረሻ ላይ። ነጭ ዱቄት መታየቱ ሲያቆም እርስዎም ማማሰል ያቁሙ፤ ከዚያ በኋላ የሚማሰለው ሁሉ ኬኩን እንደ ዳቦ ያጠነክረዋል።

ሊጡን በሚዛን እኩል ያካፍሉ፤ ለእያንዳንዱ 450 ግራም አካባቢ ይደርሳል። ታቹ ላይ የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፈው፣ አስቀድሞ በሞቀ 190 ዲግሪ ኦቨን፣ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ ከ22 እስከ 26 ደቂቃ። 20 ደቂቃ ሳይሞላ በሩን አይክፈቱ። ስቴኪኒ ሲሰኩበት ጥቂት ፍርፋሪ ብቻ ይዞ ከወጣ፣ መሃሉን በጣት ሲነኩት ከተመለሰ ደርሷል። 10 ደቂቃ አሳርፈው ይገልብጡ። ኦቨኑ ሁለት መጋገሪያ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ሦስተኛው ተራው እስኪደርስ ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ።

ጥያቄ፦ የኔ ኬክ ቅርጹ ያምራል፣ የሎሚ ጣዕሙ ግን የለም። ጭማቂውን እጥፍ ሳደርገው ደግሞ አንዳንዴ መራራ፣ አንዳንዴ ሳሙና ሳሙና ይላል። (ከጎንደር)

መልስ፦ ሁለት ነገር ተቀላቅሎብዎታል። የሎሚ ሽታ ያለው ልጣጩ ላይ ባለው ዘይት ነው፤ ጭማቂው የሚሰጠው ኮምጣጣነትን ብቻ ነው። ሶዳ ያለበት ሊጥ ውስጥ ጭማቂ ሲበዛ ሶዳው ኮምጣጣነቱን ይገድለዋል። ሶዳው ከሎሚው ከበለጠ ደግሞ ያ የሳሙና ጣዕም ይመጣል። መራራው ከነጩ የልጣጭ ክፍል ነው። ፍሬውን እያዞሩ ቀለም ያለውን ብቻ በመፈቅፈቂያው ደቃቅ ጎን ይፈቅፍቁ፤ ነጩ ብቅ ሲል ወደ ሌላ ቦታ ይለፉ።

የገበያችን ትንሿ ሎሚ ጭማቂዋ ኃይለኛ ቢሆንም ልጣጯ ስስ ነው፤ አንድ ጊዜ ጫን ካሉ ነጩ ላይ ነዎት። በ3 ትልልቅ ሎሚ ምትክ 6 ወይም 7 ያስፈልግዎታል። ከተቻለ ግን ትርንጎ ይፈልጉ። ጭማቂው እምብዛም ነው፣ ልጣጩ ግን ወፍራምና እጅግ መዓዛማ በመሆኑ ለዚህ ኬክ ከእርሱ የሚሻል አይገኝም።

ኮምጣጣነቱን ከመጋገር በኋላ ያስገቡት። 80 ሚሊ ሊትር ጭማቂና 80 ግራም ስኳር፣ ስኳሩ እስኪሟሟ ብቻ አሙቀው (እንዲፈላ አያስፈልግም)፣ ኬኮቹ ገና ለብ እንዳሉ ላያቸውን በስቴኪኒ ወጋ ወጋ አድርገው በብሩሽ ይቀቧቸው። ለአንዱ ድርብ 3 የሾርባ ማንኪያ ይደርሰዋል። ደጋ ላይ ኬክ ቶሎ ስለሚደርቅ ይህ ሽሮፕ ለሁለቱም ችግር ይረዳል።

ጥያቄ፦ የፖፒ ፍሬ በከተማችን አላገኘሁም። በኑግ መተካት ይቻላል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ይቻላል፣ ግን በልኩ አይደለም። ኑግ ከፖፒ ይተልቃል፣ ቅርፊቱም ጠንካራ ነው፤ እንዳለ ከገባ ጥርስ ውስጥ ይሰካል። ልኩን በግማሽ ይቀንሱ (15 ግራም)፣ በዝግታ ቆላ አድርገው ያቀዝቅዙ፣ በሙቀጫ ከፈል ከፈል እስኪል ይውቀጡት። ኬኩ ትንሽ ይጠቁራል፣ የኑግ ጣዕሙም ይታወቃል፤ ከሎሚ ጋር ግን ይስማማል። ጥቁር ሰሊጥም ይሆናል። ጥቁር አዝሙድን ግን በመልኩ አይታለሉ፤ ሽታው ሎሚውን ያጠፋዋል።

ፖፒውን ከውጭ የሚያስመጡ ሁሉ ከመጠቀም በፊት አንድ ቁንጥር ያኝኩ። ዘይት የበዛበት ፍሬ ስለሆነ ሲቆይ ይበላሻል፤ ጣፋጭነቱ ቀርቶ ምላስ ላይ ከመረረ ይጣል። በደንብ ታሽጎ ፍሪዘር ውስጥ ቢቀመጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። እስራኤል ያላችሁ «ፔሬግ» ብላችሁ ታገኙታላችሁ፤ በአይሁድ የፑሪም በዓል ጊዜ ለሚጋገረው ኦዝኔ ሐማን ለተባለው ብስኩት ተብሎ የተፈጨም ይሸጣል። ለዚህ ኬክ ያልተፈጨውን ውሰዱ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው። ከአውሮፓ የምትመጣ ጓደኛዬ አንድ ከረጢት የፖፒ ፍሬ ልታመጣልኝ ነው። ችግር አለው?

መልስ፦ አዎ፣ ትልቅ ችግር አለው። ዛሬውኑ ደውለው እንዳታመጣ ይንገሯት። በተባበሩት አረብ ኤሚሬቶችም ሆነ በሳዑዲ ዓረቢያ የፖፒ ፍሬ ማስገባትና መያዝ ክልክል ነው፤ ተክሉ ኦፒየም የሚወጣበት ስለሆነ ፍሬውም እንደ አደንዛዥ ዕፅ ይታያል። ለኬክ ነው ማለት ከክስ አያድንም። ላዩ ላይ ፍሬው የተነሰነሰበት ዳቦ ወይም ኬክም ይዛ አትግባ። በጥቁር ሰሊጥ ይጋግሩ።

አሜሪካ ለሥራ የሽንት ምርመራ የሚደረግላችሁም አንድ ነገር እወቁ። ፍሬው ላይ የሚቀር ጥቂት ሞርፊን በምርመራው ሊታይ ይችላል። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በ2023 እ.ኤ.አ. ወታደሮቹ የፖፒ ፍሬ ያለበት ምግብ እንዳይበሉ ያሳሰበው በዚህ ምክንያት ነው። ምርመራ የሚጠብቃችሁ ከሆነ ይህን ኬክ አቆዩት።

ጥያቄ፦ መሃሉ የሚገባውን የሎሚ ክሬም ስሠራ ግራጫ ሆነ፣ ብረት ብረትም አለ። ኬኩን ስደራርበውም ላይኛው እየተንሸራተተ ወረደ። (ከአዲስ አበባ፣ ሳሪስ)

መልስ፦ ግራጫው ከአሉሚኒየም ድስት ነው፤ ሎሚ አሉሚኒየምን ይበላል። በማይዝግ ብረት ወይም በብርጭቆ ጎድጓዳ ሳህን ይሥሩት። 1 እንቁላል፣ 3 አስኳል፣ 100 ግራም ስኳርና 80 ሚሊ ሊትር ጭማቂ ቀላቅለው፣ ሳህኑን በቀስታ ከሚፈላ ውኃ በላይ አስቀምጠው (ታቹ ውኃውን ሳይነካ) ሳያቋርጡ ያማስሉ። ከ8 እስከ 12 ደቂቃ ውስጥ ይወፍራል። የማንኪያውን ጀርባ ሸፍኖ፣ በጣት ሲያሰምሩበት መስመሩ ሳይገናኝ ከቀረ ያውጡት። 60 ግራም ቅቤ ጨምረው በወንፊት ያጥልሉ፤ ቆዳ እንዳያወጣ ፕላስቲኩን ክሬሙ ላይ አስነክተው ሸፍነው ያቀዝቅዙ።

መንሸራተቱን በግድብ ይከላከሉት። ለውጪው 200 ግራም ቅቤና 300 ግራም ደቃቅ የኬክ ስኳር መትተው፣ የሎሚ ጭማቂ በሻይ ማንኪያ አንድ በአንድ ይጨምሩ፤ ከሦስት ካለፈ ሊለያይ ይችላል። ከዚህ ክሬም በየድርቡ ጠርዝ ዙሪያ ጣት የሚያህል ክብ ይሥሩ፤ የሎሚውን ክሬም በክቡ ውስጥ፣ ከግድቡ ዝቅ አድርገው ያፍስሱ። ኬኮቹ ሙሉ በሙሉ የቀዘቀዙ፣ ጉብ ያለው አናታቸውም በመጋዝ ቢላ የተስተካከለ ይሁን። ተደራርቦ ካለቀ በኋላ በስሱ ቀብተው 30 ደቂቃ ፍሪጅ ያስገቡት፤ ፍርፋሪው ይያዛል። የመጨረሻው ቅብ ከዚያ ይመጣል።

ጥያቄ፦ በጾም የሚበላ አድርጎ መሥራት ይቻላል? ያለ እንቁላል የሞከርኩት ሁሉ ድድር ያለ ነው። (ከአዳማ)

መልስ፦ ይቻላል፤ ሎሚ ራሱ ነው የሚያነሣው። ለሁለት ባለ 20 ሳንቲ ሜትር መጋገሪያ 300 ግራም ዱቄት፣ 250 ግራም ስኳር፣ አንድ ከሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ትንሽ ጨው፣ 30 ግራም ፖፒና የ3 ሎሚ ልጣጭ ይቀላቅሉ። በሌላ ዕቃ 340 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ 120 ሚሊ ሊትር ሽታ የሌለው ዘይትና 45 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ። ኦቨኑ 180 ዲግሪ ሞቆ፣ መጋገሪያዎቹ ተዘጋጅተው እስኪያልቁ ሁለቱን አያገናኙ። ጋዙ የሚፈጠረው ሎሚና ሶዳ በተገናኙበት ቅጽበት ነው፤ ሊጡ ጠረጴዛ ላይ 10 ደቂቃ ከቆመ ማንሻው አልቋል። የእርስዎ ኬክ ድድር ማለቱም ከዚህ ወይም ብዙ ከማማሰል ሳይሆን አይቀርም። ጉብ ጉብ ያለ ነገር ቢቀርም ግድ የለም፤ ወዲያው ያስገቡት፣ ከ28 እስከ 32 ደቂቃ።

ለመሃሉ 35 ግራም የበቆሎ ስታርች በ300 ሚሊ ሊትር ውኃና በ120 ግራም ስኳር እያማሰሉ ያፍሉ፤ ከወፈረ በኋላ ከእሳት አውርደው 80 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂና ልጣጭ ይጨምሩ። ጭማቂው አብሮ ከፈላ አሲዱ ስታርቹን ያቀጥነዋል።

ጥያቄ፦ ኬኩ ኦቨን ውስጥ እያለ መብራት ቢጠፋ ምን ላድርግ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በሩን አይክፈቱ። 18 ደቂቃ ካለፈው በተዘጋው ኦቨን ሙቀት ሊጨርስ ይችላል፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ በስቴኪኒ ይዩት። ገና 10 ደቂቃ ያልሞላው ግን መብራቱ ቶሎ ካልተመለሰ አይድንም። ሊጡ ገና ካልገባ ከነመጋገሪያው ሸፍነው ፍሪጅ ያስቀምጡት፤ ፍሪጁ ቅዝቃዜውን እስከያዘ ድረስ ቤኪንግ ፓውደር ያለበት ግማሽ ሰዓት ያህል ይታገሣል። የጾሙ ሊጥ አይታገሥም፤ እርሱን ደረቁንና ፈሳሹን ለየብቻ አድርገው መብራት እስኪመጣ ይጠብቁ።