ያቺን የመጀመሪያ ቀረጻ አታጥፏት

ይድረስ ለሁለታችሁ። እንደናንተ አንድ ላፕቶፕና አንድ ማይክ ይዘው ሌሊቱን ለሚያነጉ ልጆችም ይድረስ።

ባለፈው ሐምሌ፣ ዝናቡ መንገዱን ሲያጥለቀልቀው፣ ባህር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ቤቴ ድረስ በባጃጅ መጣችሁ። ሃርድ ዲስኩን እንዳይረጥብ በሁለት ፌስታል ጠቅልላችሁት ነበር። ገና ያኔ ወደድኳችሁ። "ጋሼ፣ አንዴ ብቻ ይስሙልን" አላችሁኝ። ዘጠኝ ዘፈን ሰማሁ። ቡናው በረካ ደረሰ። እናንተ ፊት ፊቴን ታያላችሁ። እኔ ደግሞ "ጥሩ ነው፣ በርቱ" ብዬ ሸኘኋችሁ። ሽማግሌ ሰው ማስቀየም ሲፈራ እንደዚያ ይላል። ከሄዳችሁ በኋላ ሲከነክነኝ ከረመ፤ አሁን የምሩን ልጻፍላችሁ።

አንተ ዳንስ ሙዚቃ ትሠራለህ። ስምህን ፖስተር ላይ አላየሁትም፤ ሌሊት በሰው ግቢ የምታስጨፍራቸው ልጆች ግን አብጠርጥረው ያውቁሃል አሉ። አንደርግራውንድ የምትሉት ይሄን መሰለኝ። በእኛ ጊዜ ከምድር በላይ ያለው ሙዚቃም ቢሆን ብዙ ስላልነበረ ከምድር በታች መውረድ አላስፈለገንም። አንቺ ደግሞ ድምፅ አለሽ። አርባ ዓመት ገደማ ኪቦርድ ስጫወትና ሰው ስቀርጽ ይሄን ያልኳቸው ሰዎች በጣት ይቆጠራሉ።

"የሶል አልበም ልንሠራ ነው" አላችሁኝ። ጥሩ። ሶል የጥቁር አሜሪካውያን የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነው። ሬይ ቻርልስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የመዝሙሩን አዘፋፈን ወስዶ የፍቅር ቃል ሲያስገባበት ምእመኑ ተቀይሞት ነበር። አንተ የምትወደው ሃውስ የሚባለው የጭፈራ ሙዚቃም ከዚያው ቤት ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቺካጎ ውስጥ ሲያድግ ድምፁን ከሰጡት ዘፋኞች ብዙዎቹ መዝሙር ሲዘምሩ ያደጉ ናቸው። ስለዚህ ዳንስ ሠሪና የሶል ድምፅ ቢገናኙ ዘመዳሞች ተገናኙ ማለት ነው። ለሶል የሚቀርብ ቃል ደግሞ እኛም አለን። እንጉርጉሮ እንለዋለን። እናቶቻችን ብቻቸውን እህል ሲለቅሙ የሚያንጎራጉሩት። ከበሮ የለውም። ልኩ የሴትየዋ ትንፋሽ ነው።

እናንተ ዘንድ የተበላሸው እዚህ ጋ ነው።

አራተኛው ዘፈን ላይ "ከማዶ ልቤ አለ" የምትል ስንኝ አለች። ሦስቴ አስመልሼ ሰማኋት። በግጥሙ "አለ" የሚጠብቀው ነው፤ ልቤ እዚያ ማዶ ይገኛል ለማለት። ከስፒከሩ የወጣው ግን የሚላላው ነው። ልቤ ተናገረ። ምን ብሎ ይሆን ብዬ ስጠብቅ ዘፈኑ አለቀ። መጀመሪያ እሷ የተሳሳተች መስሎኝ ነበር። ፋይሉን ስትከፍተው ነው የገባኝ። ድምፅዋን ቆራርጠህ እያንዳንዱን ፊደል ከኪኩ፣ ከዚያ ከወፍራሙ የከበሮ ምት ጋር ገጥመኸዋል። "ለ"ን ያዝ አድርጋ የቆየችበትን ቅጽበት ትርፍ መስሎህ አሳጥረኸዋል። በእንግሊዝኛ ቢሆን ማንም አያውቅብህም ነበር። በአማርኛ ግን ትርጉሙ እዚያች ቅጽበት ውስጥ ነው ያለው። "ገና" ሲጠብቅ በዓል ነው፣ ሲላላ ደግሞ ያልደረሰ ነገር ነው። ዋሸራን የሚያህል የቅኔ ቤት ባለበት ጎጃም ተወልደን ቃል በመቀስ መቁረጥ ትንሽ ያሳፍራል።

ሌላም አለ። ኪኩ በመታ ቁጥር ሌላው ድምፅ ጎንበስ እንዲል አድርገሃል። ለቤዙ ያምራል። ድምፅዋንም አብረህ ስላስገባኸው ግን በየምቱ ትዋጣለች። ሰው ውኃ ውስጥ ብቅ ጥልቅ እያለ ሲያወራ አስበው። እሷን ከዚያ ውስጥ አውጣት። ኪኩ ይጎንበስላት እንጂ እሷ ለኪኩ አትጎንበስ።

አዝማሪ ቤት ስትገቡ የማሲንቆ ተጫዋቹን አፍ ትታችሁ እጁን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያለው አንድ ጭራ ብቻ ነው። ቃሉ ሲመጣ እጁ ይቀላል። አንዳንዴም ጨርሶ ይቆማል። ስንኙ እንዳለቀ ማሲንቆው ቀድሞ ይነሳና ይሞላዋል። ከታዳሚ አንዱ "ተቀበል!" ሲለው ደግሞ ዝቅ ብሎ፣ ከሥር ከሥር እያለ፣ ግጥሙን ይጠብቃል። ማንም አላስተማረውም ልትሉ ትችላላችሁ፤ ከልጅነቱ ከአባቱ ተምሮታል። የሚዘፍነውም የሚያጅበውም አንድ ሰው ስለሆነ መቼ መተንፈስ እንዳለበት እጁ ያውቃል። እናንተ ሁለት ሰው ናችሁ። አንተ ማሲንቆው፣ እሷ አፉ። ከዘጠኙ ዘፈን በስምንቱ ግን ማሲንቆው አንዴም አልቆመም።

ይሄን የማውቀው ጎበዝ ስለነበርኩ አይደለም። በ1985 ዓ.ም. አካባቢ ባለ አራት ትራክ፣ አራት ድምፅ ለየብቻ የሚይዝ የካሴት መቅረጫና አንድ ድራም ማሽን ነበረኝ። ድራም ማሽን ባህር ዳር ውስጥ ከኔ ሌላ ማን ጋ እንዳለ አላውቅም ነበርና ኩራቴ ሌላ ነው። አንዲት ዘፋኝ መጣች። ፍጥነቱን እንዳውቀው ብላ በክራር ብቻ አንድ ትዝታ ዘፈነችልኝ፤ እኔም ለማስታወሻ ብዬ ቀረጽኳት። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይሰማል። መሐል ላይ ትንፋሽ አጥሯት ትስቃለች። ከዚያ ማሽኑን አስተካክዬ "አሁን ዋናውን" አልኳት። ትራክ ስላጠረኝ ዋናውን በማስታወሻው ላይ ቀረጽኩት። አንድ ቁልፍ ነው የተጫንኩት።

ሁለተኛው ምንም እንከን የለውም። ምቱን አልሳተችም፣ ቃል አልዘነጋችም። ካሴቱን ከፍተን ስንሰማው ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ቆየችና "ይቺ እኔ ነኝ?" አለች። ምን ብዬ ልመልስ? የመጀመሪያውን ልመልሰው ብል የለም። ካሴቱ ወጣ፣ አልተሸጠም፣ እሷም ተመልሳ አልመጣችም። ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ያቺ ሳቅ ግን አሁንም ትሰማኛለች።

ማሽን ጠላሁ ማለት ግን አይደለም። ኪቦርዲስቱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ሆኖ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አጋባው፤ ስንት ዓመት ታክሲ ከነዳ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራው እንደ አዲስ ሲታተም የውጭ አገር ወጣቶች ተሻሙበት። ማሽኑ እዚያ ዘበኛ ነው። በር ላይ ቆሞ አኮርዲዮኑን ያሳልፈዋል። ከዚሁ ከጎጃም፣ ከቻግኒ የወጣችውን እጅጋየሁ ሽባባውን፣ ጂጂንም አስቧት። በ2001 እ.ኤ.አ. ከቢል ላስዌል ጋር አልበም ሠራች። ሰውየው ባስ ተጫዋች ነው፤ በደብና በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የታወቀ። እነ ሄርቢ ሃንኮክንና ዌይን ሾርተርን የመሳሰሉ የጃዝ አባቶችን ስቱዲዮ አስገብቶ ሲያበቃ ድምፅዋን ከፊት አስቀመጣት። ማሽኑን ይዞ የፈለገበት የገባው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ያንኑ ሥራ ለብቻው እንደገና ሲቀምመው ነው። መጀመሪያ ዘፈኑ፣ ጨዋታው በኋላ። አንተ ሁለቱን በአንድ ቀን ልትሠራ ነው የፈለግከው።

እንግዲህ እንዲህ ሞክሩት። መጀመሪያ እሷ በክራር ወይም በአንድ ኮርድ ብቻ፣ ያለ ክሊክ፣ ማለት ያለ ምት ቆጣሪ ትዝፈን። ሙሉውን። አንተ እጅህን አጣጥፈህ ተቀመጥ። ከዚያ ቴምፖውን ከእሷ ላይ አውጣ፤ ፕሮግራምህ ፍጥነቱ በየቦታው ከፍ ዝቅ እንዲል ይፈቅድልሃል። በደቂቃ 122 ምት ላይ የለመድከው ኪክ 118 ገብቶ ተመልሶ 121 ቢሆን ማንም ጭፈራውን አያቋርጥም። እንዲያውም የሰውን እግር ሳያውቀው ይስበዋል።

የኛ ዘፈን አብዛኛው በሦስት በሦስት የሚከፈል ምት እንዳለውም አትርሳ። የጎጃም እስክስታ ትከሻ የሚያስነሳው በዚያ ነው። አንተ ሁሉንም በሁለት በሁለት ከፍለኸዋል፤ እሷ ደግሞ ሳታውቀው በሦስት ትዘፍናለች፤ ስለዚህ ሁለታችሁ በየመንገዱ ትጋጫላችሁ። አራቱን ኪክ አትንካቸው። ሃይሃቱን፣ ያን ቀጭን የሲምባል ድምፅ ብቻ በሦስት ክፈለው። ከዚያ በኋላ የምትቆርጠው ነገር አይኖርም።

ድምፅ ማስተካከያውን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። የአንቺሆዬን ቅኝት በአውቶቲዩን ሲያስተካክሉ የሰማሁ ቀን ጥርሴን ነው ያመመኝ። ማሽኑ ድምፁ ከሁለት ቁልፍ መሐል ሲገኝ ስህተት ይመስለዋል። ዘፋኟ ግን ሆን ብላ ነው እዚያ ያለችው። ማሲንቆ የሚመታ ሰው ስታስገቡም "ኪቦርዱ ጋ ተቃኝ" አትበሉት። ኪቦርዱን ወደሱ አምጡት። በሁለት ደቂቃ ያልቃል፤ እሱን ብታስቃኙት ግን ሲጨነቅ ይውላል።

ክፍሉ ራሱ አያስጨንቃችሁ። ፍራሽ ግድግዳው ላይ አቁሙ፣ ጋቢ ከኋላዋ ስቀሉ፣ በቂ ነው። ባጃጁ የሚተኛው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ደግሞ ከአሥር ሰዓት በፊት ሊጀምር ስለሚችል ቢበዛ አራት ሰዓት አላችሁ ማለት ነው። መብራት ይጠፋል። በየዘፈኑ ሴቭ አድርጉ፣ ሁለተኛ ዲስክ ላይም ገልብጡ። እና አንተ፣ ያ ያሳመርከው 45 ሄርዝ ቤዝ በስልክ ስፒከር አይሰማም። ይህች ከተማ ዘፈን የምትሰማው በስልክና በባጃጅ ነው።

ስለ ገንዘቡ አጭር ነገር ልበል። በካሴቱ ዘመን አንድ ሙዚቃ ቤት የአንድ ጊዜ ክፍያ ሰጥቶኝ አበቃ፤ ወረቀት ስላልነበረኝ ዜማው የኔ መሆኑን የማስረዳበት አልነበረኝም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራው ባለቤት በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት መብቱን ይጠብቅለታል። ግጥሙ የማን ነው፣ ዜማው የማን ነው፣ ቅንብሩ የማን ነው፣ ከሚገኘው ስንት ስንት። ሳትጣሉ፣ ዛሬ፣ ጽፋችሁ ፈርሙ። ጓደኝነታችሁን አያበላሸውም። ያለመጻፉ ነው ስንት ጓደኛ ያለያየው።

አንቺ ልጄ፣ በር ላይ ጫማሽን ስታደርጊ በሹክሹክታ ያልሽኝን አልረሳሁም። እናትሽ "ልጄ አዝማሪ ልትሆን ነው?" ብለው አልቅሰዋል። የኔም እናት አልቅሳለች። ኪቦርድ ስገዛ ለአንድ ሳምንት አላናገረችኝም። ሙግት አትግጠሚያቸው። አንድ ቀን ቀረጻ ላይ ይምጡ። ወንበር ስጫቸው፣ ሻይ አፍዪላቸው፣ ክራሩን ብቻ ይዘሽ ዝፈኚላቸው። እሳቸው ሲያንጎራጉሩ የሰማሽውን ነው የምትዘፍኝው፤ ያውቁታል። ሁለተኛውን ስንኝ ካንቺ ቀድመው ቢያነሱት አልደነቅም። ያን ጊዜ መቅረጫው መከፈቱን አረጋግጡ።

ሚክሱ ሲያልቅ ደግሞ ወዲያው አትልቀቁት። የጣና ታንኳ ከደንገል ነው የሚሠራው፤ ውኃ ይጠጣል። ባለታንኳው ከሐይቁ ሲወጣ ጫፉን ወደ ላይ አቁሞ እስኪደርቅ ይተወዋል። ካልደረቀ በማግስቱ ይከብደዋል። ሁለት ሳምንት ተዉትና ስሙት። እኔ ሁለት ሳምንት አስችሎኝ አያውቅም፤ እናንተ ሞክሩ።

ሐሙስ ማታ ኑ። ከዘጠኙ ስምንቱን ተዉአቸው፤ ሰባተኛውን ብቻ አምጡ። እሱ ላይ ለአሥር ሰከንድ ያህል ኪኩን አጥፍተኸዋል፤ ረስተኸው ይሁን አውቀህ አላውቅም። እዚያ ጋ ከመዝፈኗ በፊት የምትስበው ትንፋሽ ይሰማል። የዚያን ዘፈን የመጀመሪያ ቀረጻ፣ "ለሙከራ" ብላችሁ ያስቀመጣችሁትን፣ ካላጠፋችሁት ይዛችሁት ኑ። ዩፒኤሱን ቻርጅ አድርጌ እጠብቃችኋለሁ።