«ስለ ማርያም» እያለ ገንዘቤን የሚወስደውን ወንድሜን ብከለክለው ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። ዓረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥሬ ስሠራ 9 ዓመት ሆነኝ። ገንዘቤን የምልከው ለታላቅ ወንድሜ ነበር። «ለእናታችን ቤት እሠራለሁ» ሲለኝ ውክልና ሰጠሁት፤ ቦታውን ግን በራሱ ስም አደረገው። ስጠይቀው ተቆጣ። አሁን ደመወዜ በገባ ቁጥር ይደውልና «ስለ ማርያም ብዬሻለሁ፣ ላኪልኝ» ይለኛል። ስዘገይ ደግሞ «ገዝቼሻለሁ፣ እንዳይቀናሽ፤ አገር ስትገቢ እንተያያለን» ይላል። በእመቤታችን ስም የለመነ ሰው እንዴት ይከለከላል? ሰው ሲበላ የኖረው በላኤ ሰብእ በስሟ በሰጠው ጥርኝ ውኃ አይደለም እንዴ የዳነው? ግዝቱስ ይይዘኛል? ስልኩን ማንሣት ካቆምሁ ሁለት ወር አለፈኝ። ወንድሜን ሳላናግር መቁረብ እችላለሁ? ወለተ ሥላሴ ነኝ።

መልስ፦ እኅታችን ወለተ ሥላሴ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልሽ። ወንድምሽ ገንዘብሽን በጉልበት ቢቀማሽ ኖሮ ጥያቄሽ ቀላል በሆነ ነበር። እርሱ ግን የያዘሽ በምትወጃት በእመቤታችን ነው። ስለዚህ ከበላኤ ሰብእ ልጀምር።

የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል ይህ ታሪክ ሲነገር ብዙዎቻችን ይዘን የምንሄደው ጥርኙን ውኃ ነው፤ ማን ማንን እንደ ለመነ ልብ አንልም። ሰው ሲበላ የኖረው፣ መንገደኛው ሁሉ የሚሸሸው ተለማኙ ነበር። ለማኙ ሰውነቱ በቁስል የተመታ፣ ውኃ ጥም ያቃጠለው ድኃ ነው። ደካማው ብርቱውን በእመቤታችን ስም ለመነው፤ ያ የማይራራ ሰውም በስሟ ራራ። ድኃው «ካላጠጣኸኝ ወየውልህ» አላለም፤ በማግሥቱ ተመልሶ የውኃውን እንስራ በስሜ አድርግልኝ አላለም። አሁን ወደ ራስሽ ነገር ተመለሺ። አንቺ በሰው ቤት ወለል እየወለወልሽ፣ የሰው ልጅ እያሳደግሽ የምታገኚውን በእጁ ያደረገ፣ ቦታውንም በስሙ ያዞረ ሰው «ስለ ማርያም» ሲልሽ፣ በታሪኩ ውስጥ የእርሱ ቦታ የትኛው ነው? የተጠማው ድኃ እርሱ ነው ብዬ እንዳስተምር ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም።

«የእግዚአብሔርን የአምላክህን ስም በከንቱ አትጥራ» የተባለውን ሕግ (ዘጸ. 20፥7) በሐሰት መማል ብቻ አድርገን ተምረነዋል። የቅዱሳንን ስም ጠርቶ ሰውን ማስጨነቅም በዚያው ሕግ ሥር የሚወድቅ ይመስለኛል። ሐዋርያው ስለ ምጽዋት ሲጽፍ «እያንዳንዱ በልቡ እንዳሰበ ይስጥ፥ በኀዘን ወይም በግድ አይደለም» ብሏል (2ኛ ቆሮ. 9፥7)። ቅዱስ ጴጥሮስም ሐናንያን ስለ ውሸቱ ሲገሥጸው እንኳ፣ መሬቱን ከሸጥኸው በኋላ ገንዘቡ በሥልጣንህ አልነበረምን ብሎ ጠይቆታል (የሐዋ. 5፥4)። ሐዋርያት ራሳቸው በምእመን ገንዘብ ላይ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ካደረጉ፣ ወንድምሽ ከእነርሱ የበለጠ ሥልጣን ከየት አገኘ? መጽሐፈ ሲራክ ደግሞ ሰው በሕይወት ሳለ ልጁንም ሆነ ወንድሙን በራሱ ላይ እንዳያሠለጥን፣ ገንዘቡንም አሳልፎ ሰጥቶ በኋላ ተጸጽቶ እንዳይለምን ይመክራል። ይህን ምክር በስብከታችን ብዙ ጊዜ አናነሣውም። «ስጡ» የሚለውን መስበክ ስለሚቀልለን ይሆናል።

ግዝቱን በተመለከተ አትጨነቂ። በልጅነታችን መንደራችን ውስጥ በግ ለማስመለስም፣ ልጅ ከኳስ ሜዳ ለመጥራትም «ገዝቼሃለሁ» ይባል ነበር፤ እኛም ደንግጠን እንቆም ነበር። ቃሉ አፍ ላይ ቀልሎ ልብ ላይ ግን ከብዶ ቀረ። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ማሰርና መፍታት ለሐዋርያት የተሰጠ፣ ከእነርሱም ወደ ጳጳሳትና ቀሳውስት የወረደ ሥልጣን ነው (ማቴ. 18፥18)። ካህኑም ቢሆን ለገዛ ጥቅሙ ሰው እንዲገዝት አልተሾመም። ወንድምሽ ደመወዝሽን ለማስላክ የተናገረው ቃል ቁጣ እንጂ ግዝት አይባልም። «እንዳይቀናሽ» ላለውም መጽሐፈ ምሳሌ መልስ አለው፦ ከንቱ እርግማን በማንም ላይ አይደርስም (26፥2)። ስታስቢው ፍርሃት የሚይዝሽ ከሆነ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ ጸሎት ያደርጉልሻል፣ ጠበልም ተጠመቂ። የሚያስፈልገው ግን ፍርሃቱን ለማስወገድ እንጂ የወንድምሽን ቃል ለማስፈታት አይደለም፤ ያላሰረሽ አይፈታሽም።

«አገር ስትገቢ እንተያያለን» ያለሽን ግን እንደ እርግማኑ ንቀሽ አትለፊው። በኢየሩሳሌም ከ40 የሚበልጡ ሰዎች ጳውሎስን ሳይገድሉ እንዳይበሉና እንዳይጠጡ ራሳቸውን ረግመው ተማማሉ (የሐዋ. 23)። ሐዋርያው ለእርግማናቸው ቁብ አልሰጠውም፤ ለሴራው ግን ሰጠው። ወሬውን ያመጣለትን የእኅቱን ልጅ ወደ ሻለቃው ላከው። ሻለቃውም 200 ጭፍሮችን፣ 70 ፈረሰኞችንና 200 ጦረኞችን አሰልፎ በሌሊት ሸኘው። እምነት ጎድሎት ነው የሚል አንባቢ እስካሁን አልገጠመኝም። አንቺም የዛተብሽን መልእክት አታጥፊ፤ በድምፅ የላከውን አስቀምጪ፤ ለምታምኛቸው ሁለት የቤተሰብ ሽማግሌዎች አሰሚ። በአገራችን የወንጀል ሕግም ዛቻና ማስፈራራት የሚያስቀጣ ነው። አገር ስትገቢ ማን እንደሚቀበልሽ፣ የት እንደምታርፊ ቀድመሽ ወስኚ።

አሁን ይቅርታ ወደሚለው እንምጣ፤ አንቺ ባትጠይቂኝም በጥያቄሽ ውስጥ አለ። ንጉሥ ሳኦል በዳዊት ላይ ጦር ወረወረ፤ ከዚያም 3,000 ሰው ይዞ በምድረ በዳ አሳደደው። አንድ ሌሊት ሳኦል ተኝቶ ሳለ ዳዊት ከራስጌው ጦሩንና የውኃውን ኮዳ ወሰደ፤ አልነካውም። በነጋ ጊዜ ሳኦል «በድያለሁ፤ ልጄ ዳዊት ሆይ፥ ተመለስ» አለው። እዚህ ላይ ዳዊት ያደረገውን ተመልከቺ። ጦሩን መለሰለት፤ ግን በራሱ እጅ አላደረሰለትም፤ ከብላቴኖቹ አንዱ ይምጣና ይውሰዳት አለ። ከዚያም «ዳዊትም መንገዱን ሄደ፥ ሳኦልም ወደ ስፍራው ተመለሰ» ይላል (1ኛ ሳሙ. 26)። ዳዊት ወደ ሳኦል ቤተ መንግሥት አልተመለሰም። ከዚህ በፊትም ሳኦል አልቅሶ ይቅርታ ጠይቆት ነበርና፣ ዕንባውን አይቶታል፤ ከዕንባው በኋላ የመጣውንም አይቶታል። ታዲያ ዳዊት ቂመኛ ነበርን? ሳኦል በጦርነት ሲሞት ልብሱን ቀድዶ ያለቀሰለት፣ ቅኔ የተቀኘለት እርሱ ነው። ሊገድለው ያሳደደውን እየማረ ከጦሩ መድረሻ ውጪ መኖርን ያስተማረን ይህ ንጉሥ ነው።

ስለ መራቅ ሌላ ምስክር ልጨምር። አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ ወደ አገራችን የላከው ቅዱስ አትናቴዎስ 5 ጊዜ ተሰድዷል፤ በስደት ያሳለፈው ዘመን ተደምሮ 17 ዓመት ያህል ነው። የክርስቶስን አምላክነት የካዱት አርዮሳውያን «ፈሪ ነው፣ ሸሸ» ብለው ሲያሙት፣ በበረሃ መነኮሳት መካከል ተሸሽጎ ስለ ሽሽቱ መልስ ጻፈ። ኤልያስ ከኤልዛቤል፣ ዳዊት ከሳኦል መሸሻቸውን፣ ጳውሎስ በደማስቆ በቅርጫት መውረዱን፣ ጌታም ጊዜው ሳይደርስ ከሚሹት መሰወሩን አነሣ። የሚሸሽን ሰው መሳደብ የሚቀናቸው አሳዳጆቹ ናቸው፤ ነገሩ ያኔም እንዲሁ ነበር።

እዚህ ላይ የራሴን በደል ልናገር። አገልግሎት በጀመርሁበት ዘመን ባሏ የሚደበድባትን አንዲት እናት «ቻይው፣ የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል» ብዬ ወደ ቤቷ መልሻታለሁ። ተረቱ እንኳ ለእርሷ የተባለ አልነበረም። በሳምንቱ ክንዷ ተሰብሮ አየኋት። ከዚያ ወዲህ «ሁለተኛውን ጉንጭህን አዙርለት» የሚለውን ሳስተምር፣ ጌታችን ራሱ በሊቀ ካህናቱ በሐና ፊት በጥፊ ሲመታ «መልካም ተናግሬ እንደ ሆንሁ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ?» ብሎ እንደ ጠየቀ (ዮሐ. 18፥23) ሳልናገር አላልፍም።

አንድ ነገር ግን አደራ። በወንድምሽ ተቆጥተሽ እናትሽን እንዳትረሺ። ፈሪሳውያን ለአባትና ለእናት ሊሰጥ የሚገባውን «ቁርባን ነው»፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ ነው፣ እያሉ ሲከለክሉ ጌታችን ገሥጿቸዋል (ማር. 7፥11)። በወንድምሽ እጅ የሚያልፈውን አቁሚና ለእናትሽ በስሟ በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ላኪላት። ውክልናውንም ባለሽበት አገር በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ቀርበሽ ሻሪው። የቦታውን ነገር በመጀመሪያ ከወንድምሽ ጋር ብቻችሁን ተነጋገሩ፤ ባይሰማሽ አንድ ሁለት ምስክር ይዘሽ፤ ያም ካልሆነ በእናትሽ አጥቢያ በካህናቱ ፊት ይታይ። ይህ የማቴዎስ 18 ሥርዓት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች በፍርድ ቤት ስለ መካሰስ መውቀሱን አውቃለሁ፤ ወቀሳው ግን ሽማግሌ ሳይጠየቅ ለሚሮጡ ነው። ሽማግሌዎቹን የናቀ ወንድም ሲገጥምሽ፣ «ወደ ቄሣር ይግባኝ» ያለውም ያው ጳውሎስ እንደ ሆነ አስታውሺ።

ቁርባንን በተመለከተ። ዲያቆኑ በቅዳሴ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» (እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ) ሲል ልብሽ እንደሚርድ አውቃለሁ፤ መራዱም መልካም ነው። ጌታ መባህን ትተህ ታረቅ ያለው «ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው» ስታስብ ነው (ማቴ. 5፥23)። ወንድምሽ አንቺ ላይ ያለው ምንድን ነው? ገንዘብ መላክ ማቆምሽ ዕዳ አይደለም። ሐዋርያውም «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ» ሲል (ሮሜ 12፥18) የሌላውን ድርሻ አንቺ ላይ አልጫነም። በአንቺ በኩል ያለውን ግን ራስሽን መርምሪ። ወንድምሽ ታመመ ቢሉሽ ደስ ይልሻል ወይስ ትጸልዪለታለሽ? ቦታውን መልሶ ይቅርታ ቢጠይቅሽ ትቀበይዋለሽ? ሊዋረድ ይገባዋል እያልሽ ሌሊት ትቃጠያለሽ? መልሱን ለንስሐ አባትሽ እንዳለ ተናገሪ፤ ለመቁረብ የሚፈቅዱልሽ ወይም ቆዪ የሚሉሽ እርሳቸው ናቸው። በሩቅ ካሉ በስልክም ቢሆን አግኝተሽ ተማከሪያቸው፤ ቅዳሴው በምትኖሪበት አገር ዓርብ ቀን የሚሆን ከሆነ ከሐሙስ በፊት አድርጊው።

ስልኩን ደግሞ ለዘላለም ዝጊው አልልሽም። ገንዘብ እንደማትልኪለት አንድ ጊዜ፣ በአጭሩ፣ ሳትሳደቢና ሳትከራከሪ ንገሪው፤ ምክንያት ስትደረድሪ ምክንያትሽን ይከራከረዋልና አትደርድሪ። በዓል ሲደርስ አንቺው ደውዪና «እንኳን አደረሰህ» በይው፤ ልጆቹንም ጠይቂ። «ስለ ማርያም» ብሎ ወደ ገንዘቡ ሲመለስ «እመቤታችን ትጠብቅህ» ብለሽ ስልኩን ዝጊ።