ለአራት ሄክታር የሱሉልታ ጥቁር አፈር 25 የፈረስ ጉልበት ይበቃል ወይ?

ሰላም ወንድማችን። ጥያቄዎን እንዲህ ተረድቼዋለሁ፦ ሱሉልታ አካባቢ 4 ሄክታር ጥቁር መሬትና 12 የወተት ላሞች አሉዎት፤ ከመሬቱ ጥቂቱን ድንች፣ የቀረውን አጃና የድርቆሽ ሣር ያደርጉታል፤ ሻጩ «25 የፈረስ ጉልበት ያለው አነስተኛ ትራክተር ለዚህ ሁሉ ይበቃል» ብሎዎታል፤ እርስዎም ከዝርዝር ወረቀቱ ላይ የትኛውን ቁጥር ልመን ይላሉ። እኔ በሰንዳፋ በኩል ከእርስዎ ብዙም የማይለይ ሥራ በእንዲህ ዓይነት ትራክተር ስለምሠራ መልሴ ቢረዝም ይታገሡኝ። አጭሩ ይህ ነው፦ ለዕለት ተዕለቱ ሥራ ይበቃል፣ ጥቁሩን መሬት ለመገልበጥ አይበቃም።

የትራክተር ወረቀት ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚነበበው። ሻጮች በትልልቅ ፊደል የሚጽፉት የሞተሩን ጉልበት ነው። የላሞችዎን ሣር የሚከታትፈው ግን ሞተሩ ሳይሆን ከኋላ የሚሽከረከረው ዘንግ፣ ፒቲኦ የምንለው ነው። ከሞተሩ እስከዚያ ዘንግ ድረስ ጉልበት መንገድ ላይ ይቀራል። የጆን ዲር 3025ኢ ሞተር 24.7 የፈረስ ጉልበት ሲሆን ፒቲኦው ላይ የሚደርሰው 17.7 ነው። የኩቦታ ኤል2501 ሞተር 24.8 ነው፤ በማርሽ የሚሠራው ዓይነት ፒቲኦው ላይ 20.5 ያደርሳል፣ በዘይት ግፊት የሚነዳው፣ ሃይድሮስታቲክ የሚባለው ደግሞ 19። ሞተራቸው እኩል የሚመስል ትራክተሮች ሣር ሲገባላቸው እኩል አይደሉም ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄዎ «ፒቲኦው ላይ ስንት ይደርሳል?» ይሁን። ሻጩ ካላወቀ የመመሪያ መጽሐፉን ያምጣ።

እግረ መንገዴን፣ እነዚህ ሁሉ 24 ነጥብ ምናምን ላይ የቆሙት በአጋጣሚ አይደለም። የአሜሪካ የሞተር ጭስ ደንብ ከ19 ኪሎ ዋት፣ ማለትም ከ25 የፈረስ ጉልበት ገደማ ጀምሮ ጥብቅ ስለሚሆን ፋብሪካዎቹ ከመስመሩ በታች ጠጋ ብለው ይቆማሉ። ከመስመሩ በላይ ያሉት አዳዲሶቹ ብዙውን ጊዜ የጥላሸት ማጣሪያ ተገጥሞላቸዋል፤ ማጣሪያው ደግሞ ድኝ እጅግ ያነሰበት ናፍጣ ካላገኘ ቶሎ ይታፈናል። ከውጭ የመጣ ያገለገለ ትራክተር ካዩ ይህን ሳይጠይቁ እንዳይዋዋሉ።

ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ወረቀቱ ላይ አያገኙትም፤ የእርስዎ ከፍታ ነው። የተጻፈው ጉልበት የተሰላው ለባሕር ወለል በቀረበ አየር ነው። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። ቱርቦ፣ ማለትም አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 ከመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል ተብሎ ይሰላል። እርስዎ ጋ ሲደርስ ሩብ ያህሉ ሄዷል ማለት ነው፤ ፒቲኦው ላይ 20 የነበረው 15 ገደማ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚያማርርበት ጥቁር ጭስም ከዚሁ ይመጣል፤ ፓምፑ ለቆላ እንደተስተካከለ የለመደውን ያህል ናፍጣ ይረጫል፣ አየሩ አይበቃውም፣ ያልተቃጠለው በጭስ ማውጫው ይወጣል። ይህን አይቶ ሞተር ሊያስወርድ የሚነሣ አይጠፋም። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮው ይጽዳ፤ ካልተሻለው የናፍጣ ፓምፕ ባለሙያ መጠኑን ዝቅ ያድርግለት። ቱርቦ ያለው ሞተር የዚህን ኪሳራ አብዛኛውን ይመልሳል። እኔ ብሆን ለሱሉልታ ቱርቦ የሌለውን ባለ 35 ትቼ ቱርቦ ያለውን ባለ 30 እወስዳለሁ።

አሁን ወደ ጥቁሩ አፈር እንምጣ፤ ሻጩ ያላወራዎት ይህንን ነው። የእኛ ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ጎማ ላይ ይለጠፋል፤ በመካከል ያለው ለእርሻ የሚመች ጊዜ አጭር ነው። እንዲህ ባለ ከባድ አፈር 25 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለውን አንድ ፈር መገልበጥ ከ350 እስከ 500 ኪሎ ግራም የሚደርስ ጉተታ ይጠይቃል። የእነዚህ ትራክተሮች ክብደት ከ1 እስከ 1.5 ቶን ነው፤ በአራቱም ጎማ የሚነዳው እንኳ እርሻ ላይ የክብደቱን 40 ከመቶ ከጎተተ ትልቅ ነገር ነው። ይህን ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያስቀምጡ የሚቀርልዎ አንድ ፈር ብቻ ነው፣ ያውም በጭንቅ። ሞተሩ ጉልበት ቢተርፈው እንኳ ጎማው ባለበት ይዞራል። በ25 ሴንቲ ሜትር ስፋት አንድ ሄክታር ለመገልበጥ 40 ኪሎ ሜትር፣ አራቱን ሄክታር ደግሞ 160 ኪሎ ሜትር ይነዳሉ፤ ከአዲስ አበባ ባቱ እንደመሄድ ነው፣ በእግረኛ ፍጥነት።

ምክሬ እንግዲህ ይህ ነው። የመጀመሪያውን እርሻ ዲስክ ማረሻ በሚጎትት ትልቅ ትራክተር በኪራይ ያሳርሱት፤ በዓመት አንድ ጊዜ ለሚመጣ ሥራ ትልቅ ትራክተር ገዝቶ ግቢ ውስጥ ማቆም ለባለ 4 ሄክታር አያዋጣም። የእርስዎ ትንሹ ትራክተር ከዚያ በኋላ ያለውን ይሥራ፦ ጓሉን በሮታቬተር፣ በፒቲኦ በሚዞረው የአፈር ማድቀቂያ፣ ማድቀቅ፣ ድንቹን መኮትኮት፣ ሣር ማጨድና መከታተፍ፣ ፍግ ማውጣት፣ ውኃና ድርቆሽ ማመላለስ። ለሮታቬተሩ ከ1.2 ሜትር ስፋት አይለፉ። ሻጩ 1.5 ሜትሩን «በዚሁ ዋጋ» ሊያሸክምዎ ይችላል፤ በዚያ ከፍታ፣ በዚያ አፈር አይሽከረከርልዎትም። ቤለር የሚባለውን የድርቆሽ ማሰሪያ ካሰቡም ብዙዎቹ ፒቲኦው ላይ 30 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ፤ እሱንም ይከራዩ።

«የለም፣ ራሴ ነው የማርሰው» ካሉ ግን ከ45 በላይ ጉልበትና ወደ 2 ቶን የሚጠጋ ክብደት ይፈልጉ፤ ደግሞም ማረሻው ከኋላ የሚያያዝበት ማንጠልጠያ ጉተታውን ራሱ የሚቆጣጠር መሆኑን ያረጋግጡ። ሃሪ ፈርጉሰን የሚባለው የአየርላንድ ተወላጅ መሐንዲስ ባለ ሦስት ነጥቡን ማንጠልጠያ ያሰበው ለዚሁ ነበር፦ ማረሻው ጠንካራ ቦታ ሲያገኝ ክንዶቹ ትንሽ ከፍ ያደርጉትና ሸክሙ ወደ ኋላ ጎማዎች ይዞራል። ብዙዎቹ አነስተኛ ትራክተሮች ያላቸው ክንዱን በተፈለገው ከፍታ የሚያቆመውን ማንሻ ብቻ ነው። ለሮታቬተርና ለመኮትኮቻ እሱ በቂ ነው።

ስለ ማንሻ አቅም ሲጠይቁ «የት ላይ ተለክቶ?» ይበሉ። ክንዱ ጫፍ ላይ የተለካውና ከጫፉ 61 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ የተለካው በጣም ይራራቃሉ፤ ዕቃው የሚንጠለጠለው ወደ ኋላ ርቆ ስለሆነ የሚጠቅምዎ ሁለተኛው ነው።

በጣም እንዲጠነቀቁበት የምፈልገው ግን ፍሪሲዮኑን ነው። በርካሾቹ ላይ አንድ ፍሪሲዮን ጎማውንም ፒቲኦውንም ያቆማል። ሣር እያጨዱ ወፍራም ቦታ ሲያጋጥምዎ ትራክተሩን ለማቆም ፔዳሉን ይረግጣሉ፤ ማጨጃውም አብሮ ይቆምና በሣር ታፍኖ ይቀራል። ባለ ሁለት ደረጃ ፍሪሲዮን ያለው ግማሽ ድረስ ሲረገጥ ጎማው ይቆማል፣ ማጨጃው ግን ይዞራል፤ ያፈነውን ጨርሶ ይተፋዋል። ፒቲኦው ለብቻው በማንሻ ወይም በቁልፍ የሚገባና የሚወጣ ከሆነማ ጥያቄም የለው። ከዚህ ጋር፣ ፒቲኦው መደበኛውን በደቂቃ 540 ዙር የሚሰጠው ሞተሩ በደቂቃ ስንት ሲዞር እንደሆነ ይጠይቁ። አንዳንዶቹ ከመደበኛው ሌላ ቆጣቢ 540 አላቸው፤ ሞተሩ ዝግ ብሎ እየዞረ ዘንጉ ያንኑ 540 ይዞራል። ለመከታተፊያና ለውኃ ፓምፕ እሱ ነው የሚያስፈልግዎ፤ በየቀኑ ጠዋት ለ12 ላም ሣር ሲከታተፍ የናፍጣው ልዩነት ይታያል።

ማርሽ ወይስ ሃይድሮስታቲክ? ማርሽ። ሃይድሮስታቲኩ ለመንዳት ይመቻል፣ ሎደር፣ ከፊት የሚገጠም ማንሻ ባልዲ፣ ላለው ሰውም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ጉልበት ይበላል፣ ዘይቱና ፊልትሮው ይወደዳል፣ ሲበላሽም የሰፈራችን መካኒክ ካምቢዮ እንደሚፈታው አይፈታውም።

ጎማው ጥርሱ ረጃጅምና ክፍተቱ ሰፊ የሆነው የእርሻ ጎማ ይሁን፤ ሰፊው የግንባታ ጎማ በጥቁር አፈር ተሞልቶ ልሙጥ ይሆናል። በድንቹ መደብ መካከል እንዲሄድም የጎማዎቹን ርቀት ይለኩ። መደቡን እንደተለመደው በ75 ሴንቲ ሜትር ካራራቁት ከጎማ መሐል እስከ ጎማ መሐል 150 ሴንቲ ሜትር ያስፈልግዎታል። ብዙዎቹ ትናንሽ ትራክተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ከዚህ ይጠባሉ፤ አንዳንዶቹ ጎማውን ገልብጦ በመግጠም ይሰፋሉ፣ አንዳንዶቹ ፈጽሞ አይሰፉም።

ከመቀመጫው በስተኋላ የሚቆመው መከላከያ ብረትና ቀበቶው ጌጥ አይደሉም፤ የሱሉልታ ዙሪያ ተዳፋት ትራክተር ይገለብጣል። ብረቱ ቆሞ ሳለ ቀበቶውን ይታሰሩ፤ በረት ለመግባት ብረቱን ወደ ታች ካጠፉት ግን ቀበቶውን ይፍቱት፣ ከተገለበጠ አብሮ ያስቀርዎታል። ዋና መንገድ ላይ ሲወጡ የግራና የቀኝ ፍሬን ፔዳሎችን በማያያዣው ያያይዟቸው፤ ተጎታች ጭነው በፍጥነት ሲሄዱ አንዱን ብቻ መርገጥ ትራክተሩን ይጠመዝዘዋል። ፒቲኦውና ካርዳኑ (ፒቲኦውን ከመሣሪያው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) የፕላስቲክ መሸፈኛ ከሌላቸው ትራክተሩን አይረከቡ። 540 ማለት በሴኮንድ 9 ዙር ነው፤ የጋቢ ወይም የነጠላ ጫፍ ከያዘ ሰውየው እጁን ለመሰብሰብ ጊዜ አይኖረውም። በጠዋት ብርድ ጋቢ ተከናንቦ ሣር የሚያጎርስ ሠራተኛ ካለዎት ጃኬት ይግዙለት።

መለዋወጫን በተመለከተ የሻጩን ቃል ሳይሆን መደርደሪያውን ይመልከቱ። የዘይት፣ የናፍጣና የሃይድሮሊክ ፊልትሮ፣ የፍሪሲዮን ሸራና የውኃ ፓምፕ ዛሬ እጁ ላይ አሉ ወይ? የፊልትሮዎቹን ቁጥር ጽፈው መርካቶ ይጠይቁ። እዚያ «እናስመጣለን» ካሉዎት ትራክተሩ በአጨዳ መሐል ሲቆም የሚሰሙት መልስም ይኸው ነው።

ለማየት ሲሄዱ ሞተሩ አስቀድሞ ሞቆ እንዳይጠብቅዎት ይንገሯቸው፤ ጠዋት በብርድ ሲነሣ ማየት አለብዎት። ከባድ ዕቃ አንጠልጥለው ሞተሩን ያጥፉና ሻይ እስኪጠጡ ይተዉት፤ ክንዱ ዝቅ እያለ ከመጣ ሃይድሮሊኩ ያሳልፋል። ከተቻለ የራስዎን መከታተፊያ ጭነው ይሂዱና ሙሉ ሣር እያጎረሱ ያሠሩት፤ የሙቀት መለኪያውን ከዓይንዎ አያርቁ። መከታተፊያው ላይ በተለጠፈው ሳህን የተጻፈውን ኪሎ ዋትና የዙር ብዛት እዚህ ቢጽፉልን ከየትኛው ፒቲኦ ጋር እንደሚሄድ አብረን እናሰላዋለን፤ ኪሎ ዋቱን በ1.34 ካባዙት የፈረስ ጉልበቱን ያገኛሉ።